ጨው አላነሰም፤ ያነሰው ሚዛን ነው

ባሕር ዳር ውስጥ አረቄ ባለበት ግብጦ አይጠፋም። ፔዳ አካባቢ ባሉት ትንንሽ መጠጥ ቤቶችም በሲኒ ተሰፍሮ ይቀርባል፤ ጠጪው ገለባውን በጣቱ ፈልፍሎ ፍሬውን ጨው ነካ እያደረገ ይቆረጥመዋል። ከአዊና ከምዕራብ ጎጃም ማሳ ሲመጣ ግን ይህ ፍሬ ለምላስ የሚቀመስ አይደለም። ተቆልቶ፣ በጆንያ ታስሮ፣ ወራጅ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ተጭኖበት ምሬቱ እስኪለቅ ለቀናት ይነከራል። ምሬቱ አልካሎይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ በብዛት ከተበላ ይመርዛል።

በጣሊያን፣ በስፔንና በግብፅም ይኸው ግብጦ ይበላል። እዚያ ተቀቅሎ፣ ውሃው እየተለዋወጠ ምሬቱ ከለቀቀው በኋላ በጨው ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። በብርጭቆ ዕቃ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ወራት ይቆያል፤ አገር አቋርጦም ይሸጣል። የጎጃሙ ግብጦ አንዴ ከረጠበ ቶሎ ካልተበላ ወይም ካልደረቀ ይሻግታል። ልዩነቱን የፈጠረው በልክ የተበጠበጠ ጨው ነው።

በልክ የሚለው ቃል ላይ ነው ክርክሩ። ባሕር ዳር ከጓዳ እስከ ፋብሪካ በጨው ውሃ ትሠራለች፣ ጨውም ገበያ ላይ ሞልቷል። ስንት ግራም ጨው በስንት ሊትር ውሃ እንደገባ፣ ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ ምን ያህሉ የት እንደተደፋ የሚቆጥረው ግን ጥቂት ነው። ይህ የሆነው ከፔዳጎጂ አካዳሚና ከፖሊ ቴክኒክ የተወለደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ባለባት ከተማ መሆኑ ነገሩን ከድህነት ይልቅ ቸልታ ያስመስለዋል።

ጨው ለጣና ዳር ሰው ሁሌም የሩቅ ዕቃ ነበር። ሐይቁ ራሱ ጣፋጭ ውሃ ነው። ከአፋር በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እንደ ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ የጎጃሙ የባሶ ገበያም በእሱ ይገበያይ ነበር። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ የምትበላው ጨው በብዛት ከአሰብና ከምጽዋ ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ፣ የአፍዴራ ሐይቅም ቦታውን ያዘ። ከባሕር ወለል በ100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ያለው ይህ ሐይቅ ከባሕር ውሃ ይልቅ በብዙ ጨዋማ ነው። ውሃው በፓምፕ ተስቦ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ ታች የቀረው ተዝቆ በጆንያ ይሞላል። ባሕር ዳር ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ጨው አስቀድሞ የጨው ውሃ ነበር ማለት ነው።

ከጆንያው በፊት አንድ ሌላ ብጥብጥ አለ። አዮዲን ያለበት ቅመም በውሃ ተሟሙቶ ጨው ላይ ይረጫል፤ ይህም በደንብ ቁጥር 204/2003 ግዴታ ሆኗል። አዮዲን ሲያንስ የሚመጣው እንቅርት በደጋው የአማራ ክፍል ስንት እናት ላይ እንደታየ ለሚያውቅ ሰው ደንቡ ዘግይቶ የመጣ ነው። ውጤቱ ግን ፈጥኖ ታይቷል። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ 15 ገደማ በሚሆኑ ቤቶች ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 89 ደረሰ። ጥናቱ የተጠቀመበት ፈጣን መመርመሪያ አዮዲን መኖሩን ያሳያል እንጂ መብቃቱን አይናገርም። ርጭቱ በእጅ ሲሆን አንዱ ጆንያ ይጠግባል፣ አጠገቡ ያለው ይዘለላል። እዚህም ችግሩ የልክ ነው።

የባለሙያ እጅ ግን አይናቅም። ዶሮ ታርዶ በ12 ብልት ሲወጣ ሰፊ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ ጨው ይበተንበታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ውሃ ይሞላበታል። የመጀመሪያው ውሃ ደም መስሎ ይደፋል፣ ሁለተኛው ይቀላል፣ እየቆየ ወለላ ይመስላል፤ ጥርት ሳይል ባለሙያዋ አታነሳውም። ጨው ደሙንና ልጋጉን ያላቅቃል፣ ሎሚው ጠረኑን ይወስዳል። ጀርም ይገድላል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ ጀርሙን የሚገድለው ምድጃው ነው። በሌላው ዓለም ያለ ወጥ ሠሪ በሊትር 50 ወይም 60 ግራም ጨው በጥብጦ ዶሮውን ለሰዓታት ይዘፈዝፈዋል። ጨው ሥጋው ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ፈታ ያደርገውና እሳት ላይ ውሃውን እንዳይለቅ ይረዳዋል። በቁሌት ለረጅም ሰዓት ለሚንተከተክ ዶሮ ወጥ ይህ አያስፈልግም። በጣና ዳር ሆቴሎች እንደ ገለባ ደርቆ ለሚቀርበው የዶሮ ጥብስ ግን አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ ብዙ ቅሬታ ያስቀር ነበር።

ሚዛን ለሌለው ቤት የቆየ ዘዴ አለ። ትኩስ ጥሬ እንቁላል ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይሰጥማል። ጨው እየተጨመረ ሲበጠበጥ፣ በሊትር ወደ 120 ግራም ገደማ ሲደርስ እንቁላሉ ብቅ ይላል። ከግምት ይሻላል፤ ከሚዛን ግን ያንሳል፣ እንቁላሉ የቆየ ከሆነ ቀድሞ ይንሳፈፋልና።

ጨውና ልክ ከሁሉ በላይ የሚገናኙት ጣና ላይ፣ ዓሣው ዘንድ ነው። ሐይቁ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይወጡበታል። ሰዉ ለብዙ ዘመን በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቅ ያሰግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ መጡ። መረቡ ሲረዝም ምርቱ በዛ፣ በረዶና ማቀዝቀዣ ግን አብረው አልመጡም። ባሕር ዳር ወደብ አጠገብ የሚያሰግር ሰው ዓሣውን በጠዋት ያወርዳል፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ፈላጊው ተሰልፎ ይጠብቀዋል። ደልጊን በመሰለ ሩቅ ዳርቻ ያለው ግን ምርጫው ማድረቅ ነው።

አደራረቁ ቀላል ነው። ሆዱ ይከፈታል፣ ሥጋው በቢላዋ ይተለተላል፣ እንጨት ላይ ወይም ገመድ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በጆንያ ተጭኖ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሄዳል። በበጋ ፀሐይዋ ትረዳለች። ደመና ሲበዛ ግን ውጩ ደርቆ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ዝንብ ይሰፍርበታል፣ ትል ይወልድበታል። ገዢው ጆንያውን ፈትቶ በአፍንጫው ይመዝነዋል፣ ዋጋውንም ያወርደዋል። አስጋሪው የደከመበት ግማሹ እዚያው ይቀራል።

ዓሣው ከመሰጣቱ በፊት የጨው ውሃ ውስጥ ቢቆይ ሁለት ነገር ይሆናል። ጨው ከሥጋው ውሃ ይስባል፣ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል። ሥጋው ውስጥ የቀረው ውሃም ከጨው ጋር ስለሚያያዝ ለባክቴሪያ አይመችም። ዝንብም እንደ ልቡ አይሰፍርበትም። ነገር ግን ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ከምንም አይሻልም፤ አንዳንዴ ይብሳል። ብዙዎቹ የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች የሚቆሙት ጨው 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ በሽታ የምታመጣውን ባክቴሪያ በእርግጠኝነት ለማስቆምም እዚያው መድረስ ያሻል። በሁለትና በሦስት በመቶ የተነከረ ዓሣ ጣዕሙ ጨው ጨው ይላል፣ ባለቤቱም የዳነ ይመስለዋል። ያልዳነ ዓሣ ነው።

በክፍል ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ 360 ግራም ገደማ ጨው ያሟሟል፤ ከዚያ በላይ የተጨመረው ታች ይዘቅጣል። አንድ ኪሎ ጨው ሦስት ሊትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ከገባ ብጥብጡ ጠገበ ማለት ነው። አስጋሪው ከዚህ በላይ ኬሚስትሪ አያስፈልገውም፤ ሚዛን፣ ባልዲ፣ ክዳን ያለው በርሜልና ሰዓት ይበቁታል። የሱዳን ገበያም ጨዋማ ዓሣ አይፈራም። ፈሲኽ የሚሉት በጨው የቦካ ዓሣ የራሳቸው ወግ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር የዓሣና የውሃ ውስጥ ሕይወት የምርምር ማዕከል አለ፤ አስጋሪዎቹም ማኅበር አላቸው። በሁለቱ መካከል የጎደለው በአማርኛ የተጻፈ፣ በየወደቡ የሚለጠፍ የአንድ ገጽ ሠንጠረዥ ነው፤ የዓሣው ዓይነትና ውፍረት፣ የጨው ግራም፣ የውሃ ሊትር፣ የመዘፍዘፊያ ሰዓት። ይህን ያህል ቀላል ሥራ እስካሁን በየወደቡ አለመታየቱ ያሳፍራል።

ልክ ማጣት ሰው የሚገድልበት ሌላ ቦታ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች ቦንጋኦን በተባለ የሕንድ ከተማ በኮሌራ ሲያልቁ፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢያልቅበት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር በበርሜል በጥብጦ አጠጣቸው። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በታች ወረደ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ኦአርኤስ የዚያ ልጅ ነው። በአንድ ሊትር 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ ከዚያም ፖታሲየም ክሎራይድና ሲትሬት አለበት። ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ አንጀት ጨውን የሚያስገባው ከስኳር ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ስለሆነ ነው። አንድ ሊትር የሚፈልገውን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጥብጦ ለሕፃን መስጠት ጨውን እጥፍ ማድረግ ነው፣ አደጋም አለው። ፓኬት በሌለበት የሚመከረው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ልሙጥ ተደርጎ።

ወደ ቆዳ ሲመጣ ጨው ራሱ ጠፍቷል። በትንሣኤም ሆነ በእንቁጣጣሽ ማግስት የበግ ቆዳ በየቦዩና በየቆሻሻ ገንዳው ተጥሎ ማየት በባሕር ዳርም በሌሎች ከተሞችም የተለመደ ሆኗል። ድሮ የቆዳው ሽያጭ የበዓሉን ቅቤ ይገዛ ነበር። ዋጋው ወደቀ፣ ሰብሳቢው ቀረ፣ ቆዳው ተጣለ። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት ጥሬና ከፊል የተሠራ ቆዳ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ቀረጥ ሲጥል ዓላማው ቆዳው እዚሁ አልቆ ጫማና ጓንት ሆኖ እንዲወጣ ነበር። ያለቀ ቆዳ ደግሞ ከጥሬው የተሻለ ሊሆን አይችልም። የተገፈፈ የበግ ቆዳ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ውሃ ነው፤ ጥቂት ሰዓት ካለ ጨው ከቆየ ባክቴሪያ ይጀምረዋል። ከክብደቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆን ጨው ያስፈልገዋል፤ ሁለት ኪሎ ለሚመዝን ቆዳ አንድ ኪሎ ገደማ። ጨው ቆዳው ውስጥ ካለው ውሃ ጋር ሲገናኝ የራሱን የጨው ውሃ ይሠራል፣ ያ ነው የሚጠብቀው። ጨው ቆጥቦ የነሰነሰ ሰብሳቢ ጉዳቱን አያየውም። ፋብሪካ ገብቶ ጠጉሩ ሲረግፍ ነው ቀዳዳው የሚገለጠው። በዓለም ገበያ ስም ያለው የባቲ ፍየል ቆዳ በሚወጣበት ክልል ይህ መሆኑ ይቆጫል።

ፋብሪካው ደግሞ ያን ሁሉ ጨው መጀመሪያ አጥቦ ያስወግደዋል፤ ቆዳው ውሃውን መልሶ እንዲጠጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ጨው ይጨምራል። ከመልፋቱ በፊት ቆዳው አሲድ ውስጥ ይገባል፣ አሲድ ብቻውን ከነካው አብጦ ይበላሻል። ከቆዳው ክብደት ከ6 እስከ 10 በመቶ ጨው ውሃው ውስጥ ሲኖር አያብጥም። ጨው ሁለት ጊዜ ገባ፣ ሁለት ጊዜ ወጣ። የወጣውም በፍሳሽ ነው።

ከቆዳው ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ጨርቁን ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ የተቋቋመ፣ ከተማዋን ከተማ ካደረጓት አንዱ ነው። በዓለም ላይ ጥጥ የሚነከርበት ዋናው ቀለም ሪአክቲቭ የሚባለው ነው። ጥጥ ውሃ ውስጥ ሲገባ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ቀለሙም እንዲሁ ኔጋቲቭ ነው፣ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ጨው ሲገባ ሶዲየሙ መሐል ገብቶ ጠቡን ያበርዳል፣ ቀለሙም ወደ ክሩ ይጠጋል። ለፈዛዛ ቀለም በሊትር 30 ግራም ጨው ሊበቃ ይችላል፤ ለጥቁርና ለደማቅ ሰማያዊ 80ም 100ም ይገባል። መካከለኛውን፣ 60 ግራምን፣ እንውሰድ። አንድ ኪሎ ጨርቅ በ10 ሊትር ውሃ ቢነከር 600 ግራም ጨው ገባ ማለት ነው። ሸሚዙ ከዚያ ጨው አንድ ቅንጣት ይዞ አይወጣም። ጠቡን አብርዶ ሲያበቃ ሙሉው ከውሃው ጋር ይደፋል።

ቀለሙ ዓይን ይስባል፣ ሽታው አፍንጫ ይነካል፤ ጨው ግን አይታይም፣ አይሸትም። በማጣሪያ ገንዳ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ሌላውን ቆሻሻ ይበላሉ፣ ቆዳ የሚለፋበት ክሮምም በኬሚካል ይዘቅጣል፤ ጨው ሁሉንም አልፎ ይሄዳል። የፍሳሹን ጉዳይ የአካባቢው ተመራማሪዎች አልረሱትም፤ በጨርቃ ጨርቁም በቆዳውም ፍሳሽ ላይ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ክፍል የተሠሩና የታተሙ ጥናቶች አሉ፤ ከፍሳሹ መግቢያ በታች ያለው ውሃ ከላይኛው እንደሚብስ አሳይተዋል። ከታች ደግሞ ከብት የሚያጠጡ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ አትክልት የሚያለሙ ሰዎች አሉ። ሽንኩርት ጨው ከማይችሉ ሰብሎች አንዱ ነው።

ዓባይ ትልቅ ወንዝ ነው፣ ጨውን አሟሙቶ ይወስደዋል የሚል መልስ ይሰጣል። ድሮ ቢሆን ከፊል እውነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2010 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ከሐይቁ ብዙ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል፤ በጨረጨራ ግድብ በኩል ወደ ዓባይ የሚለቀቀው በበጋ ቀንሷል። የጢስ ዓባይን መመንመን ያየ ሁሉ ይህን አይክድም። የሚያሟሙተው ውሃ ሲያንስ ያው ጨው ይወፍራል፤ የእንቁላሉ ሒሳብ ነው።

መፍትሔው አገር ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ የማይለቅ ማጣሪያ ይዞ ነው የተሠራው፤ ውሃው በጥቃቅን ወንፊት ተጣርቶ ወደ ሥራ ይመለሳል፣ ጨው በትነት ይለያል። መብራት ይበላል፣ ውድም ነው፤ ለአሮጌ ፋብሪካ በአንድ ጀንበር የሚተከል አይደለም። እስከዚያው ርካሽ መንገዶች አሉ። ጨው የተነሰነሰ ቆዳ ውሃ ከመግባቱ በፊት ቢራገፍ የጨዉ ከፊል በደረቁ ይሰበሰባል። የአሲዱና የጨው ውሃ ተጣርቶ ለሚቀጥለው ዙር ይሆናል። ትንሽ ጨው የሚፈልጉ የጥጥ ቀለሞችም ተሠርተዋል፤ እነዚህን በአገራችን ጥጥ ላይ መሞከር ለባሕር ዳሩ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከባድ ሥራ አይደለም።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን መለካት ነው፤ ሕጉም ይህን ይላል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለትን ይከለክላል፤ ደንብ ቁጥር 159/2001 ፋብሪካ የሚያወጣውን እየተከታተለ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። ውሃ ውስጥ የተሟሟ ጨው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ያን የሚያነብ መሣሪያ በመጠኑ ከእስክሪብቶ ብዙ አይበልጥም። የጣና ውሃ ንባብ ብዙውን ጊዜ ከ200 ማይክሮሲመንስ አይዘልም፤ የባሕር ውሃ 50,000 ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ተማሪዎች በየሳምንቱ ሦስት ቦታ፣ ማለትም ዓባይ ከሐይቁ ሲወጣ፣ ከፋብሪካዎቹ በላይና ከፋብሪካዎቹ በታች፣ መሣሪያውን ነክረው ቢያነቡ በዓመት ውስጥ ማንም የማይክደው መዝገብ ይኖራል።

ስለዚህ ጥያቄው ለሦስት ወገን ነው። ዩኒቨርሲቲው ንባቡን ይጀምር። የከተማው አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ቁጥሩን በየወሩ በአማርኛ በሰሌዳው ላይ ይለጥፍ። ፋብሪካዎቹ በዓመት ስንት ኩንታል ጨው እንደሚገዙ ይናገሩ፤ የገባው ሁሉ የሚወጣ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ክርክር አይኖርም። የመጀመሪያው ንባብም ክረምቱ ሳይገባ፣ ዓባይ በሚያንስበት በሚያዝያና በግንቦት ይወሰድ።